ልጄ ኮምባይንድ ሳይንስ ገባች፣ ዶክተርነቷ ቀረ ማለት ነው?

ሰላም ለእናንተ፣

የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለችኝ። ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፣ አሁን 15 ዓመቷ ነው። ከአባቷ ጋር ከተለያየን ቆይተናል፤ እሱ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ነው የሚኖረው። ከሁለት ዓመት በፊት ፕሮሰሱ አልቆ ወሰዳት። እዚህ እያለች ከአንድ እስከ ሦስት ካልወጣች የምታለቅስ ልጅ ነበረች። ከትንሽነቷ ጀምሮ ዶክተር ትሆናለች እያልን ነው ያሳደግናት። አያቷ እስከ ዛሬ ስሟን አትጠራም፣ "ዶክተሬ" ነው የምትላት።

በቅርቡ ትምህርት ቤቷ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስን ለየብቻ መማሩን ትቶ "ኮምባይንድ ሳይንስ" የሚባል ነገር ውስጥ እንዳስገባት ሰማሁ። ቡና ላይ ለጎረቤቴ ስነግራት፣ የወንድሟ ልጅ ለንደን ስለሚማር ታውቃለች፣ "እሱ እኮ የደካሞች ነው፤ ጎበዞቹ ሦስቱን ለየብቻ ነው የሚማሩት" አለችኝ። እኔም እዚህ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል እንዳለው ጀነራል ሳይንስ መሰለኝ። ልጄን ወደ ኋላ የመለሷት መሰለኝ። አባቷ ሪፖርት ካርዷን በቴሌግራም ላከልኝ፣ ሳይንስ 5-4 ይላል። አምስት ከስንት ነው? አራቱስ የምንድን ነው?

በንዴት ለአባቷ ደውዬ "ልጄን ጣልካት" አልኩት። "ራሷ ናት የመረጠችው፣ ሥዕል መማር ስለፈለገች ነው" አለኝ። እሷን ደግሞ "ለሥዕል ብለሽ ነው ሕይወትሽን የምታበላሺው? አያትሽን ምን ልበላት?" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም። ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እደውላለሁ፣ ይጠራል፣ አይነሳም። በጽሑፍ "ደህና ነኝ" ብቻ። አሁን የማስበው መልሼ አምጥቼ እዚሁ ድሬ ላስተምራት ነው። እዚህ ቢያንስ ሦስቱንም ለየብቻ ትማራለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሳቢያኗ እናት

*

እህቴ፣ ድሬ አንቱታ ስለማይወድ አንቺ እያልኩ ልቀጥል።

መጀመሪያ እንቅልፍ የነሳሽን ልመልስልሽ። ልጅሽ ኮምባይንድ ሳይንስ ስለተማረች ዶክተር መሆኗ አልቀረም። ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፣ አሠራሩ እንደዚያ ስለሆነ ነው፤ ከታች አስረዳሻለሁ። ስለ ስልኩም እናወራለን፣ ምክንያቱም ደብዳቤሽን ሳነብ ከሳይንሱ በላይ የከበደኝ ያ የማይነሳው ስልክ ነው። አንቺንም ከሁሉ በላይ የጎዳሽ እሱ ይመስለኛል።

እንግሊዝ አገር ልጆች 16 ዓመት ሲሞላቸው ገደማ ጂሲኤስኢ የሚባል ፈተና ይወስዳሉ። እስከዚያ ድረስ ሳይንስ ለሁሉም ግዴታ ነው። የሚወስዱበት መንገድ ግን ሁለት ነው። አንዱ ባዮሎጂን፣ ኬሚስትሪንና ፊዚክስን ለየብቻ ተፈትኖ ሦስት ጂሲኤስኢ ማግኘት ነው። ሌላው ኮምባይንድ ነው፤ ሦስቱንም ተምሮ እንደ ሁለት ጂሲኤስኢ የሚቆጠር ውጤት ማግኘት። ሦስቱንም ነው ያልኩሽ፣ ልብ በዪልኝ። ለምሳሌ ኤኪውኤ የሚባለው ፈተና አዘጋጅ የኮምባይንድ ተማሪን በስድስት ወረቀት ነው የሚፈትነው፤ ሁለት የባዮሎጂ፣ ሁለት የኬሚስትሪ፣ ሁለት የፊዚክስ፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ከሩብ። ለየብቻ የሚማሩትም ስድስት ወረቀት ነው የሚፈተኑት፤ የእነሱ አንዱ ወረቀት አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ነው፣ ምክንያቱም የሚማሩት ሰፋ ይላል። በግምት የኮምባይንዱ ይዘት ከዚያኛው ሦስት እጅ ሁለቱ ነው። በኤኪውኤ የማትማረው ለምሳሌ ስለ ሕዋ የሚያወራው የፊዚክስ ክፍል፣ ከባዮሎጂ ደግሞ የአንጎልና የዓይን አሠራር ነው። ሴሉ፣ የዘር ውርሱ፣ ፔሪዮዲክ ቴብሉ፣ ኤሌክትሪኩ፣ ሁሉም እዚያው አለ። ስለዚህ እዚህ ከምናውቀው ከሰባተኛ ክፍል ጀነራል ሳይንስ ጋር አታነጻጽሪው። ወደ ኋላ የመለሳትም የለም። እንግሊዝ ውስጥ አብዛኛው ተማሪ የሚወስደው ይህንኑ ነው።

5-4 ያልሽው ደግሞ ከመቶም ከአሥርም አይደለም። የእነሱ ከፍተኛው ውጤት 9 ነው፣ ዝቅተኛው 1። ኮምባይንድ እንደ ሁለት ትምህርት ስለሚቆጠር ውጤቱም ሁለት ቁጥር ነው፤ ከ9-9 ይጀምርና 9-8፣ 8-8 እያለ እስከ 1-1 ይወርዳል፣ በጠቅላላው 17 ደረጃ። 4 ማለፊያ ነው፣ 5 ጠንከር ያለ ማለፊያ። እህቴ፣ ይህች ልጅ እኮ ከድሬ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ፈተናውን የምታነበው በሌላ ሰው ቋንቋ ነው፤ እዚህ እንግሊዝኛ እንደ አንድ ትምህርት ይዛው ነበር፣ እዚያ ግን ቀልዱም፣ ቁጣውም፣ የፊዚክሱ ጥያቄም በእሱ ነው። በዚህ ላይ 5-4 አመጣች። እኔ እናቷ ብሆን እልል እል ነበር። ማንም ሰው እንኳን ደስ አለሽ ብሏት ይሆን?

አሁን ወደ ዶክተርነቱ። እዚያ አገር ሕክምና ለመግባት ወሳኙ ከጂሲኤስኢ በኋላ ያለው የሁለት ዓመት ትምህርት ነው፣ ኤ-ሌቭል የሚባለው። አብዛኛው ተማሪ ሦስት ትምህርት ይመርጣል፤ ሕክምና የሚፈልግ ደግሞ በአብዛኛው ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ከመካከላቸው እንዲሆኑ ያደርጋል። አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በጂሲኤስኢ ደረጃ ሦስቱ ለየብቻ ይሁኑ አይሉም፣ ኮምባይንዱን ይቀበላሉ። መስፈርታቸውን በየዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ያወጡታል፣ እዚያ "ደብል አዋርድ" ብለው ከጻፉ ይኸው ኮምባይንዱ ነው። አባቷ ወይም ራሷ ገብተው ማየት ይችላሉ።

ጎረቤትሽ የነገረችሽም ሁሉ ውሸት አይደለም። ሦስቱን ለየብቻ መማርን ለከፍተኛ ውጤት ተማሪዎች ብቻ የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ ወሬው የሚመጣው ከዚያ ነው። ከኮምባይንድ ተነስቶ ኤ-ሌቭል ኬሚስትሪ የሚገባ ልጅ ያልተማረው ነገር ስላለ መጀመሪያ ላይ መሮጥ ይኖርበታል። ፈተናው ግንቦትና ሰኔ ውስጥ ያልቃል፣ ኤ-ሌቭሉ የሚጀምረው እኛ እንቁጣጣሽ በምንልበት ሰሞን ነው፣ በመሃል ያለው ክረምት ለዚህ ይበቃል። ይህን ያህል ነው ልዩነቱ። ሕይወት አያበላሽም።

የእኔን ሐሳብ የሳበው ግን አንቺም አባቷም ያላነሳችሁት ነገር ነው። ኮምባይንድ ሳይንስ ሁለት ዓይነት ፈተና አለው፣ አንዱ ሃየር ይባላል፣ ሌላው ፋውንዴሽን። ፋውንዴሽን ቀለል ይላል፣ ግን ጣሪያ አለው፤ ልጅቷ ሁሉንም መልሳ ብትወጣ እንኳ ከ5-5 በላይ አይሰጣትም። ሃየር እስከ 9-9 ይሄዳል። ሳይንስን በኤ-ሌቭል የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ደግሞ አብዛኞቹ 6-6 ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። አየሽው? መንገዱን የሚያጠበው ኮምባይንድ መሆኑ ሳይሆን ፋውንዴሽን መሆኑ ነው። የልጅሽ 5-4 በሁለቱም ውስጥ ሊገኝ የሚችል ውጤት ነው፣ ስለዚህ ከሪፖርት ካርዱ ብቻ የትኛው ላይ እንዳለች አይታወቅም። ኮምባይንድ ላይ ደግሞ ባዮሎጂውን በሃየር፣ ፊዚክሱን በፋውንዴሽን ማለት አይቻልም። ስድስቱም ወረቀት አንድ ዓይነት መሆን አለበት። በአንዱ ብቻ ደከም ያለች ልጅ በዚያ የተነሳ ፋውንዴሽን ልትመደብ ትችላለች። ቋንቋው ገና የሆነ ልጅም እንደዚሁ፤ ሳይንሱን እያወቀች ጥያቄው ስላልገባት ብቻ ዝቅ ልትል ትችላለች። ይሄ ነው ተጠይቆ መታወቅ ያለበት።

መልካሙ ነገር ጊዜ አለ። በዕድሜዋ እነሱ ዬር ቴን የሚሉት ላይ ያለች ይመስለኛል፣ እንደዚያ ከሆነ ዋናው ፈተና የሚቀጥለው ዓመት ነው። ትምህርት ቤቱ ስሟን ለፈተና የሚልከው በአብዛኛው በፈተናው ዓመት ፌብሩዋሪ ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት የሙከራ ፈተናም አለ። እስከዚያ ከፋውንዴሽን ወደ ሃየር መሸጋገር ይቻላል። ስለዚህ አባቷን "ልጄን ጣልካት" ከማለት ይልቅ ይህን በዪው፣ የወላጆችን ቀን ጠብቅ ወይም ለሳይንስ መምህሯ ኢሜይል ጻፍና ሃየር ላይ ናት ወይስ ፋውንዴሽን ብለህ ጠይቅ፤ 5-4 የአሁን ውጤቷ ነው ወይስ መጨረሻ ላይ ታመጣለች ብለው የገመቱት፤ ከሦስቱ የቱ ነው የሚጎትታት፤ በቋንቋው በኩልስ ምን እገዛ ታገኛለች። እነዚህን ይዞ ይሂድ። እሱም እዚያ ብቻውን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እያሳደገ ነው፣ ምናልባት አሠራሩ ለእሱም አዲስ ነው። ስድብ ሰምቶ ከሚሮጥ ሰው ይልቅ ምን እንደሚጠይቅ የተነገረው ሰው ይጠቅማችኋል። ይቅርታ ማለቱ ከከበደሽ በዚህ ጀምሪው።

ሥዕሉን በተመለከተ፣ ብዙ ትምህርት ቤት ውስጥ ሦስቱን ሳይንስ ለየብቻ መማር ከምርጫ ትምህርቶች የአንዱን ቦታ ይወስዳል። ልጅሽ ያን ቦታ ለሥዕል ሰጠችው። አንቺ ይህን ስትሰሚ ዶክተርነቷን በሥዕል የለወጠች መሰለሽ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የታየኝ። በ13 ዓመቷ እናቷን፣ አያቷን፣ ጓደኞቿን፣ የሰፈሯን ልጆች ትታ ብርድ አገር የገባች ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ የሚነገራት ግማሽ ግማሹ ብቻ የሚገባት ልጅ፣ አንድ እንግሊዝኛ የማይጠይቃት ክፍል አገኘች። እዚያ እጇ ይናገርላታል። ምናልባት በሳምንት ውስጥ እንደ ሌሎቹ እኩል ነኝ የምትልበት ብቸኛው ሰዓት እሱ ሊሆን ይችላል። አላውቃትም፣ ልሳሳት እችላለሁ። አንቺ ግን ምን እንደምትሥል ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?

ሌላም ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚኝ። ዶክተር መሆን የእሷ ምኞት ነው ወይስ የእናንተ? ለእኔ መመለስ የለብሽም። ልጅቷ "ዶክተሬ" የሚለውን ስም ገና ሳትጠየቅ ነው የተቀበለችው። እዚህ ሳለች ደስ ይላት ይሆናል። አሁን ግን በርሚንግሃም ሆና፣ አያቷ በስልክ "ዶክተሬ" ስትላት ምን ይሰማት ይሆን? ኩራት ሊሆን ይችላል፣ ሸክምም ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም አንድ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። "አያትሽን ምን ልበላት" ስትያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለታችሁንም ያሳዘነች መሆኗን ነው የሰማችው። አንቺ እንደዚያ ልትያት አልነበረም፣ ፈርተሽ ነው፤ እናት ልጇ በሩቅ ስትሆን የምትይዘው የምትጨብጠው ስታጣ የሚወጣት ቃል ነው። እሷ ግን ፍርሃቱን አላየችም፣ ቁጣውን ነው የሰማችው።

መልሼ ላምጣት ያልሽውን በተመለከተ ግልጽ ልሁንልሽ፣ በዚህ ምክንያት ብለሽ አታምጫት። እዚህ እውነት ነው ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሦስቱንም ለየብቻ ትማራለች፣ አሥራ አንደኛ ላይ ናቹራል ትመርጣለች። ግን ሁለት ዓመት የለመደችውን ሥርዓት ጂሲኤስኢውን ሳትይዝ አቋርጣ ነው የምትመጣው፣ በእጇ ምንም ወረቀት አይኖርም። እዚህ የሚጠብቃትም ቀላል አይደለም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አስታውሺ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ቢሻሻልም ከባድነቱ አልቀረም። ልጅሽ ጎበዝ ናት፣ ልትችለው ትችላለች። ነገር ግን "ሥዕል ስለመረጥሽ" ተብላ የተመለሰች ልጅ በምን ልብ ታጠናለች? እሷ ራሷ "እማ፣ እዚህ አልቻልኩም፣ መምጣት እፈልጋለሁ" ካለችሽ ያኔ ሌላ ወሬ ነው፤ ያኔ ሳይንሱን ትተን ስለ ብቸኝነቷ ነው የምንነጋገረው።

አሁን ስልኩ። ጠዋት 2 ሰዓት ስትደውዪ እዚያ በብርዱ ወራት ሌሊት 11 ሰዓት ነው። በበጋቸው ደግሞ ንጋት 12 ሰዓት። ልጅቷ ተኝታ ነው አቦ! ሁሉም ዝምታዋ ከኩርፊያ ላይሆን ይችላል። ትምህርት ቤት ውላ ቤት ገብታ፣ በልታ ዕረፍት የምታደርግበት ሰዓት በእኛ ማታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ሱቅ ዘግተሽ፣ ገላሽን ታጥበሽ፣ ያኔ ሞክሪ። ግን ከመደወልሽ በፊት አንድ የድምፅ መልእክት ላኪላት። ጽሑፍ አይሁን፣ ድምፅሽን ትስማው። እንዲህ ብትያት ለምሳሌ፣ "ልጄ፣ ያን ቀን ስለ ሥዕሉ የተናገርኩሽ ልክ አልነበረም። ኮምባይንድ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው የጮህኩት። አሁን ጠይቄ ተረዳሁ። 5-4 ማምጣትሽ ኮርቼብሻለሁ። ስትፈልጊ ደውዪልኝ፣ ስለ ትምህርት አንድም ቃል አልጠይቅሽም፣ የሣልሽውን አሳዪኝ።" በራስሽ አነጋገር በዪው። ከዚያ በኋላ ግን ጠብቂ። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ዝም ብትል ሌላ መልእክት እየደራረብሽ "ሰማሽው?" አትበያት። የመጀመሪያው ጥሪ ላይ ደግሞ ቃልሽን ጠብቂ፣ ስለ ሃየርና ፋውንዴሽን አታንሺ፣ እሱ የአባቷ ሥራ ነው ለጊዜው።

ስታነሳና ነገሩ ሲለዝብ፣ ሳይንሱን በሌላ በኩል መግባት ትችያለሽ። ኮምባይንድ ውስጥ ግዴታ የሚሠሩ የቤተ ሙከራ ሥራዎች አሉ። አንዱ ድንች እኩል እኩል ቆርጦ መጠኑ በተለያየ የስኳር ወይም የጨው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ክብደቱ ሲጨምርና ሲቀንስ መለካት ነው። ፈተናው ላይም ከእንደነዚህ ሥራዎች ጥያቄ ይመጣል። "ይህን ሠርታችኋል? እኔም እዚህ ልሞክረው፣ እንዴት እንደሆነ አስረጂኝ" በያት። ድንች ከአሸዋ ገበያ፣ ስኳር ከቤት፣ ሚዛን ደግሞ ከጎረቤት ባለ ሱቅ። እሷ በቪዲዮ ታስተምርሽ። አንቺ ጠያቂ፣ እሷ አስተማሪ ስትሆን ምን ያህል እንደምታውቅ በራስሽ ጆሮ ትሰሚያለሽ፣ እሷም በአማርኛ ስታስረዳሽ ትምህርቱ በጭንቅላቷ ይደላደላል። በዚያ ላይ አያቷንም አጠገብሽ አስቀምጫት።

ለአያቷም አንድ ነገር ንገሪያት። የልጅ ልጇ እንግሊዝ አገር ሦስቱንም ሳይንስ እየተማረች ነው በያት፣ እውነት ነውና። ሥዕልም ትማራለች በያት። "ዶክተሬ" የሚለውን ለጊዜው በስሟ ብትለውጠው ምን ይመስልሻል? ከልብ ነው የምጠይቅሽ። እማማ ምክንያቱን ከነገርሻት የሚገባት ይመስለኛል።

የመምህሯ መልስ "ሃየር" ከሆነ ከ5-4 ወደ 6-6 የቀረው ርቀት በአንድ ዓመት ጥናት የሚሞላ ነው፣ ለሷ ተዪላት። "ፋውንዴሽን" ካሉ ግን ለመቀየር ምን ያህል ማምጣት እንዳለባትና መቼ እንደሚወስኑ አባቷ በጽሑፍ ይጠይቅልሽ፣ ከዚያም እሷን መጀመሪያ ፍላጎቷን ጠይቋት። እምቢ ካለች ወይም ስልኩ አሁንም ዝም ካለ ጻፊልኝ፣ የተባባላችሁትን እንዳለ አስቀምጪልኝና አብረን እናየዋለን።